ብስክሌት ለተዉ የጣና ዳር ልጆች፦ ባቡር በለቀቀው መንገድ ላይ ረጅም ጉዞ

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት አያስተምሩትም። ውጭ አገር ሲገባ ግን የመኪናውን ብዛትና ፍጥነት አይቶ ይተወዋል። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መተዉ ግን አያስፈልግም። ሐዲዱ ተነቅሎ፣ አስፋልት ወይም ደቃቅ ጠጠር ለብሶ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለቀቀ የቀድሞ የባቡር መስመር በአሜሪካም በአውሮፓም ብዙ አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን መንገድ በደጃችሁ ነው፤ ዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ከብሪስቶል እስከ ባዝ 21 ኪሎ ሜትር አላችሁ። ጀርመን፣ ቤልጅየምና ሉክሰምበርግ ያላችሁ ደግሞ ከአኸን ተነስቶ ሦስቱንም አገር የሚያዳርሰው ፌንባን አለላችሁ፤ 125 ኪሎ ሜትር ነው።

እነዚህ መንገዶች የባሕር ዳርን ሜዳ ያስታውሳሉ። የባቡር የብረት እግር በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚያንሸራትት ባቡር ዳገት አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በአፈር ሞልተው፣ ዳገቱ በ100 ሜትር ከ2 ሜትር እምብዛም እንዳያልፍ አድርገው ሠርተውታል። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ዳገት ለዓይን አይታይም። በአሜሪካ ከኩምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ 240 ኪሎ ሜትር በሚዘልቀው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ላይ ከኩምበርላንድ የሚነሳ ሰው 38 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ዕረፍት ወደ ላይ ይወጣል፤ ድምሩ 540 ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው ሜዳ ላይ ያለ ስለሚመስለው «ፍሬኑ ያዘ ወይ?» እያለ ጎማውን ያያል። ከፒትስበርግ የተነሳ ግን ቀስ እያለ ይወጣና ያንኑ 38 ኪሎ ሜትር በመጨረሻ ቁልቁል ይወርደዋል። ለጀማሪ የምመርጠው ይህን አቅጣጫ ነው። ከዳገቱ ጫፍ አጠገብ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ በፈረንጆቹ ክረምት፣ በበረዶው ወራት ስለሚዘጋ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሜዳው ሌላም ጣጣ አለው። ቁልቁለት ስለሌለ ፔዳል አይቆምም፤ ሰውነትም ከኮርቻው አይነሳም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መቀመጫ ይቃጠላል፣ ትንንሾቹ ጣቶች ይደነዝዛሉ። በየ10 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ጥቂት ንዱ፤ እጃችሁንም መሪው ላይ ቦታ ለውጡ።

ጉልበት የሚያሳምመው ደግሞ ከልጅነት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ማርሽ በሌለው ብስክሌት፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ በጉልበት መግፋት ለምደናል። ለከተማ ይበቃል፤ ለ50 ኪሎ ሜትር ግን ጉልበት ይጎዳል። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በወረደው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ማርሹን አቅልላችሁ ፔዳሉን በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ዙር አዙሩ። ዕቃ የጫነ ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ በቂ ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ በቀን ከ50 ኪሎ ሜትር አትለፉ። ዕቃው ከ10 ኪሎ ባይበልጥ፣ እሱም በጀርባ ሳይሆን ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ቢንጠለጠል ይሻላል። በጀርባ የተሸከመ ሰው ክብደቱ ሁሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል።

ለጠጠር መንገድ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይስማማል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ3 እስከ 3.5 ባር አየር ይበቃዋል። ጎማ ቢተነፍስ አንዱን ጎን ብቻ ከቸርኬው አውጡና ካላማዳሪያውን ጎትቱ። ጥቂት ነፍታችሁ ከንፈራችሁ አጠገብ ስታዞሩት የሚያመልጠው አየር ይሰማችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና አዲስ ካላማዳሪያ ከትቶ ይነሳል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ዳግም ይተነፍስበታል፣ እሾሁ ጎማው ውስጥ ነበረና። ጣታችሁን በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ አሂዱ፤ የወጋውን ነገር ሳታገኙ አትክተቱ። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ጥፋተኛው የቸርኬው ሽቦ ጫፍ ነው። ሁለት ቀዳዳ እንደ እባብ ንክሻ ጎን ለጎን ከሆነ አየሩ አንሶ ነበር። ስትለጥፉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ማንጸባረቁን እስኪተው 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ተጭናችሁ ለጥፉ። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ አይዝም።

ለስንቅ ከበሶ የሚበልጥ አላውቅም። በግማሽ ሊትር ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ 1 ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው በጥብጡ። ጠባብ አፍ ያለው የብስክሌት ጠርሙስ በበሶ ይደፈናል፤ ሰፊ አፍ ያለው ያዙ። ደርቆ እንዳይሸት ማታውኑ እጠቡት። ከዚህ ሌላ በሰዓት ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ ስንቁን ቅዳሜ ሸምቱ።

መኪና የለም ማለት መኪና አይገናኝም ማለት አይደለም። መንገዱ የመኪና ጎዳና በሚያቋርጥበት ሁሉ ቅድሚያው ሁልጊዜ የእናንተ አይደለም። መሃል ላይም የብረት ምሰሶ ይተከላል። ቆርጦ በተሠራው ቦታ ፀሐይ ስለማይገባ እርጥብ ቅጠል ይከማቻል፤ ፍሬን በድንገት አትያዙ። ጎን ለጎን እያወጉ መንዳት ባሕር ዳር ያምራል፤ ሦስት ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ግን ከኋላ ለሚመጣ ደወል ቦታ መልቀቅ ግድ ነው።

ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት አጭር መንገድ ንዱ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ በሐዲድ መንገድ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ለለመደ ሰው እንኳ ይከብዳል፣ መንገዱን ከመኪናና ከከብት ጋር ስለምትጋሩት። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ «ዛሬ ይቅር» ካላችሁ ይቅር። ለግራር እሾህ ቢያንስ ሁለት ካላማዳሪያ ያዙ። የብስክሌታችሁ ቫልቭ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ የጎሚስታው ፓምፕ ስለማይገጥመው የጣት ጫፍ የምታህለውን የነሐስ ማገናኛ ከመለጠፊያው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ።