ዛፍ ወዳዷን መሪ ለልጆች እንዴት እንተርክላቸው?

ጥያቄ፦ በሰበታ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ዛፍ ይወድ ስለነበረ አንድ መሪ የሚተርክ ሥዕላዊ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተነሥተናል። አንዱ ባልደረባችን የመናገሻን ደን አስተክለዋል የሚባሉትን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ሌላው ባሕር ዛፍን ያስፋፉትን ዐፄ ምኒልክን ይመርጣሉ። እኔ ግን የኬንያዋን የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይን አስባለሁ። የትኛውን ብንመርጥ ይሻላል? ዋንጋሪን ከመረጥንስ የደረሰባቸውን ድብደባ ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት መንገር ተገቢ ነውን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ከእርስዎ ምርጫ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሦስቱን ሰዎች በታላቅነት ማበላለጥ አይደለም። ሕፃን ልጅ የሕይወት ታሪክ ተብሎ የተሰጠውን መጽሐፍ ከሥዕሉ ጭምር እንዳለ ስለሚያምን፣ በየገጹ የምናሰፍረው ነገር በእርግጥ የተደረገ መሆን ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው የመናገሻ ደን በሚገኝበት በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ የሚናገረው ትውፊት ውድ ቅርሳችን ነው። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ከአንድ ሁለት ገጽ በላይ አይሸፍንም፤ የቀሩትን ገጾች ጸሐፊውና ሠዓሊው ከራሳቸው ፈጥረው ለመሙላት ይገደዳሉ። ስለዚህ ባልደረባዎ ስለ ንጉሡ ሳይሆን ስለ ደኑ ሌላ መጽሐፍ ቢያዘጋጁ እመክራለሁ። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወይራው፣ የምኒልክ ድኩላው ሁሉ ልጆቹ ሄደው በዓይናቸው ሊያዩት የሚችሉት ነው፤ የንጉሡም ትውፊት «እንዲህ ይባላል» ተብሎ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተገቢ ቦታውን ያገኛል።

የዐፄ ምኒልክ ጉዳይ ይለያል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ በማለቁ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም እስከማዛወር ታስቦ ነበር፤ ቶሎ የሚያድገውና ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ያን ችግር አቃለለ። ይህ የብልህ አስተዳደር ታሪክ ነው፤ የዛፍ ፍቅር ታሪክ አድርጎ ማቅረቡ ግን ልጆቹን ማሳሳት ይሆናል።

ወደ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ስንመጣ፣ ስለ ልጅነታቸው ራሳቸው የተናገሩት ለሥዕል የሚያመች ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በኬንያ ኒዬሪ አካባቢ የተወለዱት ዋንጋሪ ማገዶ ለመልቀም ሲላኩ፣ ከአንድ ትልቅ የሾላ ወገን ዛፍ እንጨት እንዳያነሡ እናታቸው ይነግሯቸው ነበር፤ ዛፉ የእግዚአብሔር ዛፍ ነውና። በዚያው አጠገብ በሚፈሰው ምንጭ ውስጥ የእንቁራሪት እንቁላሎችን አይተው፣ ዶቃ መስለዋቸው ከውኃው ሊያነሧቸው ይሞክሩ ነበር። በአሜሪካ ሥነ ሕይወት ተምረው ሲመለሱ ግን ዛፉ ተቆርጦ፣ ምንጩም ደርቆ ጠበቃቸው። እነዚህን ሁለት ሥዕሎች ትይዩ በሆኑ ገጾች ላይ ብታስቀምጧቸው፣ ዛፍና ውኃ እንዴት እንደሚያያዙ ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ልጆቹ ይረዱታል። በሰበታ አካባቢ ለሚያድግና ኦዳ የሚባለውን የሾላ ዛፍ ክብር ከአያቶቹ ለሚሰማ ልጅ ይህ የባዕድ አገር ታሪክ አይሆንበትም።

ከዚህ በኋላ ትኩረታችሁ በሥራው ላይ ይሁን። ዋንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመሩት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የቆመው በገጠር ሴቶች እጅ ነው። ሴቶቹ የአገራቸውን ዛፎች ዘር ለቅመው በተሰባበሩ ሸክላዎችና በተገኘው ዕቃ ሁሉ ችግኝ ያፈሉ ነበር፤ ተተክሎ ለጸደቀውም ችግኝ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ክፍያው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው መሆኑን መጽሐፋችሁ በጉልህ ይናገር። ሠዓሊውንም አደራ በሉት፤ ችግኝ በፕላስቲክ ከሣለ፣ ሲተከል ፕላስቲኩ ተቀዶ የወጣለት፣ አፈሩ ከሥሩ ጋር የተያያዘ አድርጎ ይሣለው። ልጆቹ በክረምት የሚተክሉት በሥዕሉ እንዳዩት ነው፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ደግሞ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀጭጫል።

ስለ ድብደባው ላነሡት ጥያቄ መልሴ ሊነገር ይገባል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በናይሮቢው ኡሁሩ መናፈሻ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ እንዳይሠራ ዋንጋሪ በደብዳቤ ሲሟገቱ በባለሥልጣናት ተዘልፈዋል፤ ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ለግንባታ እየተቆራረሰ በነበረው የካሩራ ደን ችግኝ ሊተክሉ ሲሄዱ ተደብድበው ራሳቸው ላይ ቆስለዋል። ይህን ካስቀረነው ልጁ ዛፍ መትከል ማንንም የማያስቆጣ የበዓል ሥራ ይመስለዋል፤ በከተማ ዳር የሚያድግ ልጅ ግን ዛፍ ለቤትና ለመንገድ ሲቆረጥ በየጊዜው ስለሚያይ፣ መሬት እንደሚያጣላ ከእኛ በፊት ያውቃል። ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሥዕሉም ዱላውን ሳይሆን በፋሻ የታሰረውን ራስ ያሳይ። በዋንጋሪ አፍ ያልተናገሩትን ቃል በትእምርተ ጥቅስ አታስቀምጡ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ለመቀበል የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት መሆናቸውን የሰሙ ዕለት፣ የኬንያን ተራራ ትይዩ ቆመው አንዲት ችግኝ ተክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያርፉም በኑዛዜያቸው መሠረት የአስከሬናቸው ሣጥን ከእንጨት ሳይሆን ከቀርከሃ፣ ከፓፒረስና ከእንቦጭ ተሠርቷል። የሞታቸውን ገጽ ለመተው የሚያመነታ ባልደረባ ካለ ይህን ንገሩት፤ ልጆች አብዝተው የሚጠይቁበት ገጽ ይህ እንደሚሆን አምናለሁ።

ስለ አሠራሩ፣ 32 ገጽ ለኅትመትም ለልጆቹም ይመቻል፤ በየገጹ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አትለፉ። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችሁ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አድርጉ፤ ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ ሠዓሊው ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ይተው።