«ስምሽ ማን ነው?» ለምን ደጋግመው ይጠይቃሉ? ስለ ሆስፒታል ዕውቅና ጥያቄና መልስ

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ጥራት ክፍል ነው። ከጠየቃችሁኝ ውስጥ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጄሲአይ ምንድን ነው?
ጆይንት ኮሚሽን ኢንተርናሽናል ይባላል፤ ሆስፒታሎችን በጥራትና በታካሚ ደህንነት ፈትሾ ዕውቅና የሚሰጥ ድርጅት ነው። መነሻው አሜሪካ ነው። በሌላ አገር መጀመሪያ ዕውቅና የሰጠው ሆስፒታል ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999። ዕውቅናው ለ3 ዓመት ነው። ከዚያ እንደገና ይፈተሻል።

ጥያቄ፦ እናቴ ባንኮክ ስትታከም ነርሶቹ መድኃኒት በሰጧት ቁጥር ስሟን ይጠይቋት ነበር። አያውቋትም እንዴ?
በደንብ ያውቋታል። ከጄሲአይ ስድስት የታካሚ ደህንነት ግቦች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ ታካሚን በትክክል መለየት። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልማዞች ተኝተዋል እንበል። ነርሷ «አልማዝ ነሽ?» ካለች ሁለቱም «አዎ» ይላሉ። እንቅልፍ የተጫጫነው ሰውማ ለማንኛውም ስም «አቤት» ይላል። ስለዚህ «ስምሽ ማን ነው?» ተብሎ ታካሚዋ ራሷ ትናገራለች። ከዚያ የካርድ ቁጥሯ ወይም የልደት ቀኗ ከእጇ አምባር ጋር ይመሳከራል። የአልጋ ቁጥር አይቆጠርም፤ ሰው አልጋ ይቀይራላ! እኛ አገር የልደት ቀኑን በውል የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ፣ ሙሉ ስም ከነአያትና የካርድ ቁጥር ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ቀዶ ጥገና ላይስ?
የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ19 ነጥብ ማረጋገጫ ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ አንዱን ክፍል ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ቆም ብለው ጮክ ብለው ያነቡታል፦ ማን ነው? የትኛው ጎን ነው? በ8 ከተሞች ሲሞከር ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ሆስፒታል ለዕውቅና የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ምን እናድርግ?
ሰርተፍኬቱ ይቅር፤ ሥራውን ጀምሩት። ነገ ጠዋት የተኝቶ ሕክምና ክፍል መደርደሪያችሁን እዩ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባለው የመርፌ መድኃኒት ከሌሎች ብልቃጦች ጋር ተደባልቆ ተቀምጧል? ሳይበረዝ በደም ሥር ከተሰጠ ልብ ያቆማል። አንሡትና ፋርማሲ ይቆለፍበት። አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ጥያቄ፦ ዕውቅና ያለው ሆስፒታል አይሳሳትም?
ይሳሳታል። ልዩነቱ ስህተቱን መዝግቦ ምክንያቱን መፈለጉ ነው። ስህተቱን የተናገረ ነርስ የሚቀጣበት ቤት ግን ምንም አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ እኔ አስታማሚ ነኝ። ምን ላድርግ?
መርፌ ይዘው ሲመጡ «ይሄ ምንድን ነው? ለማን ነው?» በል። እጃቸውን ታጥበው እንደሆነም ጠይቅ። አትፈር።