መጀመሪያ ደብተር አምጡ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ሦስት ተማሪዎች ደሴ ቤቴ ድረስ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። አሥር ሺህ ኒውሮን፣ ማለትም የነርቭ ሴል፣ በኮምፒውተር አስመስለው ሠርተዋል፤ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል። «ይቺ አንዷ አሁን ለምን የኤሌክትሪክ ምት ላከች?» አልኳቸው። ተያዩ። አብሽሩ አልኩና ደብተር አወጣሁ።

የደሴ ልጅ ጀሪካን ያውቃል። ሥሩ የተነደለ ጀሪካን ቧንቧ ሥር አድርጉ፤ ውኃው በጨመረ ቁጥር የሚፈሰውም ይጨምራል። ምልክቱ ጋ ሲደርስ ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ኒውሮንም ሲያርፍ −70 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ −55 ገደማ ሲደርስ ምት ይልካል። ልዩነቱ 15 ነው። እንግዲህ የሚያርፍበትን 0 ብላችሁ ከዚያ ተነሡ፤ በየረድፉ ካለው ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ፣ 2 ጨምሩ። 2፣ 3.8፣ 5.42 እያለ ይሄዳል፤ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ 15ን ያልፋል። አሁን በ2 ፈንታ 1.5 እየጨመራችሁ ሞክሩ። መልሱን አልነግራችሁም።

በእጅ ማስላት የድሮ ሰው ግትርነት እንዳይመስላችሁ። ሆጅኪንና ሀክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተሙትን የስኩዊድ (የባሕር እንስሳ) ነርቭ ቀመር ሲያሰሉ የካምብሪጁ ኮምፒውተር ለእድሳት ቆሞ ነበር፤ ሀክስሊ ስሌቱን የጨረሰው በእጅ በሚዞር ማስሊያ ነው። እኔ ግን ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለ ስሌት ስሠራ ቸኩዬ የጊዜ እርምጃውን፣ ማለትም ከረድፍ እስከ ረድፍ ያለውን ጊዜ፣ አሰፋሁት። ኩርባው ሲንቀጠቀጥ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። አንድ ጓደኛዬ «እርምጃውን በግማሽ ቀንሰው እስቲ» አለኝ። ቀነስኩት፤ ግኝቴም አብሮ ጠፋ።

ስለ መማር አንድ ነገር ብቻ ልበል። የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ ጦጣዎች ላይ እንዳየው፣ የዶፓሚን ኒውሮኖች (ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚለቁት) ጭማቂ ድንገት ሲመጣ ይነቃሉ። ጦጣዋ ምልክቱን ከለመደች በኋላ ግን የሚነቁት ለምልክቱ ነው፤ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ በሚጠበቅበት ሰዓት ጸጥ ይላሉ። እኛም ቤት ቡና ሲቆላ ሽታው ገና ከጓዳ ያስደስተናል፤ አቦል ሲቀርብ ደስታው ቀድሞ መጥቷል። (ምሳሌ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የኔን ጭንቅላት ማንም አልለካውም።) የዚህ መማር ቀመር እምብርት አንዲት መቀነስ ናት፦ ከተገኘው ላይ የተጠበቀውን። እሷም በደብተር ትሠራለች።

ከሦስቱ አንዷ እሑድ ዕለት ተመልሳ መጣች። በ1.5 ሠላሳ ረድፍ ሠርታለች፤ የመጨረሻው ላይ 14.36 ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር መቼም አይደርስም ልበል?» አለችኝ።