አብስትራክት ፎቶ ለሳሎን ስትገዢ ቀርበሽ እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አዲስ ለገባችሁበት አፓርታማ፣ ከሶፋው በላይ ላለው ባዶ ግድግዳ፣ የዳሎልን ጨው ከላይ የሚያሳይ አብስትራክት (ረቂቅ)፣ ማለትም ነገሩ ሳይሆን ቀለሙና ቅርጹ ጎልቶ የሚታይበት ፎቶ ጋለሪ ውስጥ አይታችሁ ወዳችሁታል። ባለቤትሽ እንግዛው ይላል። አንቺ ደግሞ አንድ ማተሚያ ቤት ተመሳሳዩን በካንቫስ (በሸራ ጨርቅ) ላይ በአንድ አስረኛ ዋጋ እንሠራልሻለን ስላለሽ፣ ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ ማወቅ ፈልገሻል። እናትሽም አይተውት “ይሄ የምን ሥዕል ነው?” ብለዋል። እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ግን ፍሬም ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የሰው ፎቶ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ፤ ለራሴም ቤት ቀስ እያልኩ የገዛኋቸው አሉ። ከዚያ ያወቅኩትን ልንገርሽ።

የልጅሽ ፎቶ እንደነገሩ ቢታተምም ልጅሽ ነው። ፊቱን ስታዪ ሌላው ሁሉ ይረሳሻል። የላሊበላም ፎቶ እንደዚያው፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም ቦታውን ታውቂዋለሽ። አብስትራክት ፎቶ ግን እንዲህ ያለ መጠጊያ የለውም። ያለው የቀለሙ አወራረድ፣ የጥቁሩ ጥልቀትና የመስመሩ ጥራት ነው፤ ሦስቱም የሚገኙት ህትመቱ ላይ ነው። ህትመቱ ከተበላሸ ምንም አልቀረሽም። ስለዚህ ሁለቱ ቦታዎች “ተመሳሳይ” የሚሉሽ ነገር ስልክ ላይ ሲታይ ብቻ ነው ተመሳሳይ የሚሆነው።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። እኔ ሳሎን ያለው የዛገ ቆርቆሮ ፎቶ ነው። ከአጥር ላይ በጣም ተቀርቦ የተነሳ፣ 60 በ90 ሴንቲሜትር፣ ጥጥ ወረቀት ላይ የታተመ። ከበር ላይ ሆነሽ ስታዪው ሰማያዊና ቡናማ ሰፋፊ መስመሮች ናቸው። ጠጋ ስትዪ ሰማያዊው ቀለም ተሰነጣጥቆ ጫፉ ወደ ውጭ መታጠፉ ይታይሻል፤ ከተነሳው ቀለም ሥር ዝገቱ ዱቄት ዱቄት ይላል። ሚስማሩ ከተመታበት ቦታ ወደ ታች የዝናብ ውሃ የተወው አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር አለ። ፎቶ አንሺው ያንኑ ምስል ለሙከራ ካንቫስ ላይም አሳትሞት ስለነበር ጎን ለጎን አስቀምጠን አየናቸው። ካንቫሱ ላይ ያቺ መስመር የለችም፤ ሽመናው ውጧታል። የቀለሙ ስንጥቅም ወደ ብዥታ ተለውጧል። ካንቫስ በጅምላ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጭጋግ ወይም ውሃ የመሰለ ለስላሳ ቀለም ብቻ ያለበትን ምስል ጥሩ አድርጎ ይይዛል። የጨው ቅርፊት፣ ስንጥቅ፣ አሸዋ ያለበትን ግን ያደበዝዘዋል። የዳሎል ፎቶ ደግሞ ውበቱ እነዚያ ትናንሽ ቅርፊቶች ላይ ነው።

ጋለሪው ተመልሰሽ ስትሄጂ ፎቶውን ክንድሽን ዘርግተሽ በምትነኪው ርቀት ቆመሽ እዪው። ቢጫው ወደ አረንጓዴ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጊ። ሽግግሩ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ፣ ሸርተት ሸርተት ያለ መስመር ከታየሽ ወይ ፋይሉ ወይ አታሚው ችግር አለበት። ቀጥሎ በጣም ጨለማ የሆነውን ክፍል እዪ። ጥሩ ህትመት ውስጥ ጥቁሩ በደንብ ጥቁር ሆኖም ውስጡ የሆነ ነገር ይታያል። ከዚያ አስፈቅደሽ የስልክሽን መብራት ከጎን አጋድመሽ አብሪበት፤ ጭረት፣ የጣት አሻራ ወይም የወረቀት እብጠት ካለ ያን ጊዜ ይወጣል። ፊት ለፊት በጋለሪ መብራት ሥር ሁሉም ነገር ያምራል።

ስለ ማተሚያ ቤቱ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ፋይሉን ከየት ነው የሚያመጡት? ከኢንስታግራም የወረደ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 1080 ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ነጥብ) ስፋት ነው ያለው። አንቺ በምትፈልጊው 160 ሴንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ሴንቲሜትር 7 ፒክስል እንኳ አይደርሰውም። ቀርቦ ለሚታይ ህትመት በሴንቲሜትር ቢያንስ 60 ገደማ ብትጠብቂ ጥሩ ነው፤ ትልቅ ሆኖ ከራቅ ብሎ ለሚታይ ትንሽ ዝቅ ቢልም ይቻላል። 7 ግን አይሆንም። ማሽኖቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ የተገዙት ለባነርና ለማስታወቂያ፣ ከመንገድ ማዶ ለሚነበብ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ፎቶው የሰው ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጨምራል። ዳሎል ድረስ ወርዶ፣ ከባሕር ወለል ዝቅ ባለ ቦታ በዚያ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ያነሳ ሰው አለ። የእሱን ሥራ አውርዶ መስቀል አይገባም፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ገንዘቡ ካልበቃችሁ ፎቶ አንሺውን አነስ ያለ መጠን እንዲያትምላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ በደስታ ይሠራሉ። 40 በ60 የሆነ ጥሩ ህትመት ሰፋ ባለ ነጭ ፓስፓርቱ (ፎቶውን ዙሪያውን የሚከብ ካርቶን) እና ፍሬም ውስጥ ሲገባ ግድግዳ ላይ ከምታስቢው በላይ ቦታ ይይዛል።

ጋለሪው ደግሞ የሚመልስልሽ ጥያቄ አለ። ወረቀቱ ምንድነው? ጥጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሃነሙሌ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ፎቶ ራግ የሚለው ወረቀት በካሬ ሜትር 308 ግራም ነው፤ በእጅ ሲያዝ ወፈር ይላል፣ አያንጸባርቅም። ባሪታ የሚባለው የፎቶ ወረቀት ከሆነ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ ጥቁሩም ጠለቅ ይላል። ቀለሙ ፒግመንት (ደቃቅ የቀለም ብናኝ ያለበት) መሆኑንም አረጋግጪ፤ ዳይ ከሚባለው ሟሚ ቀለም ይልቅ ብርሃን ይችላል። እትሙ፣ ማለትም ከዚህ ፎቶ በጠቅላላ የሚታተመው ቅጂ፣ ስንት ነው? “3/10” የሚል ካለ ከአስሩ ሦስተኛው ማለት ነው፤ ግን አሥሩ በዚህ መጠን ብቻ ነው ወይስ በሁሉም መጠን ተደምሮ? አንዳንዱ አሥር ትልቅ፣ አሥር መካከለኛ፣ አሥር ትንሽ ያትማል። ያ ነውር አይደለም፣ ግን እያወቅሽ ግዢ። ፊርማና ሰርተፍኬት ተቀበዪ፤ ሰርተፍኬቱ ላይ ርዕሱ፣ ዓመቱ፣ መጠኑ፣ ወረቀቱና የእትሙ ቁጥር ይጻፍ። ወደፊት ዋጋው ይጨምራል ብሎ ሊሸጥልሽ የሚሞክረውን ሰው አትስሚ። በየቀኑ ልታዪው ስለምትወጂ ግዢው።

የእናትሽን ጥያቄ አታሳንሺው፤ እኔ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የምለው። ሠዓሊ ረቂቅ ሥዕል ሲሠራ ከሐሳቡ አውጥቶ ነው፤ ፎቶ አንሺ ግን የግድ ከአንድ እውነተኛ ነገር ፊት መቆም አለበት። “የምን ሥዕል ነው?” ሲባል መልስ አለው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 የሳህንና የበረንዳ ጥላ እያነሳ ነው ወደዚህ የገባው። የአገሩ ሰው ፎቶ አንሺው ስቲግሊትዝ ከ1922 ጀምሮ ካሜራውን ወደ ደመና አዞረ፤ ሌላው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ አሮን ሲስኪንድ በ1940ዎቹ የተላጠ የግድግዳ ቀለም አነሳ። አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች ምን እንዳነሱ መናገር አይወዱም፣ ተመልካቹ ይገምት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለእናትሽ “ይሄ ነጩ የዳሎል ጨው ነው፣ ቢጫና አረንጓዴው ከብረትና ከድኝ የመጣ ነው” በያቸው፤ አሞሌ በግመል ይመጣበት የነበረውን አገር እንደሆነ ንገሪያቸው። እኔ ቤት የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ቆርቆሮ መሆኑን ሲሰሙ ከሶፋው ተነስተው ይጠጋሉ፣ መነጽር ያወጣሉ። ያን ጊዜ ነው ጥሩ ህትመት የሚያስፈልገው፤ የተጠጋ ሰው የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት።

ባለቤትሽና እናትሽ ካልተግባቡ አንድ ቅዳሜ ይዘሻቸው ስድስት ኪሎ፣ ገብረክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሂጂ። ሠዓሊው ገብረክርስቶስ ከጀርመን ተምሮ ተመልሶ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕል ሲያሳይም ይኸው ጥያቄ ነው የተነሳው። ትልልቅ ፎቶዎችን በህትመት ለማየት ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለው የፎቶ ፌስቲቫል ሲኖር እንዳያመልጥሽ፤ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው ነው። ዓይን የሚለምደው በማየት ነው።

አሁን ወደ ግድግዳሽ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ሁሉንም አያስቀርም። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ከሆነ ሌላ ግድግዳ ምረጪ፤ ጥሩ ፒግመንትም ቢሆን እዚያ ዕድሜው ያጥራል። መስኮቱ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ተራ መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥ መጋረጃሽንና ራስሽን ነው የምታዪው፤ በተለይ ምስሉ ጠቆር ካለ። ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት ውድ ነው፤ ከተገኘ ግን ገንዘቡን እዚያ ላይ አውጪው።

ያለ መስታወት ልስቀለው እንዳትዪ። የእኛ ሳሎን ቡና ይፈላበታል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰል ይገባል። ፍሬም ቤት ሳለሁ መስታወት የሌላቸው ህትመቶች ሲመጡ ነጩ ክፍላቸው ወደ ቢጫ ሄዶ፣ ላያቸው ላይ የሚያጣብቅ ስስ ነገር ተቀምጦባቸው አይ ነበር። ጥጥ ወረቀት ደግሞ አይጠረግም፤ ስታሺው ቀለሙ ይነሳል። የቡናው ቦታ ከፎቶው ሥር ከሆነ አንዱን አዛውሪ። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት አለ፤ በተለይ የውጭ ግድግዳ ከሆነና ልስኑ አዲስ ከሆነ። ከፍሬሙ ጀርባ አራቱም ጥግ ላይ ትናንሽ የቡሽ ወይም የጎማ ቁራጮች አስለጥፊ፤ አየር ሲያልፍ ሻጋታ አይይዘውም። ፍሬም ሠሪው ፎቶውን በተራ ፕላስተር ወይም በኮላ እንዳይለጥፈው፣ አሲድ የሌለው ካርቶንና ፓስፓርቱ እንዲጠቀም አስቀድመሽ ተናገሪ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ህትመት ይዞልሽ የሚመጣ ከሆነም በሰፊ ቱቦ ተጠቅልሎ ይምጣና እዚህ ፍሬም ይግባ፤ መስታወቱ ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል፣ ሲሰበርም ፎቶውን ይቆርጠዋል።

ክብደቱንም አስቢ። 3 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 7.5 ኪሎ ነው። 160 በ107 የሆነ ፎቶ መስታወቱ ብቻ 13 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ፍሬሙ ሳይቆጠር። ግድግዳሽ ብሎኬት ስለሚሆን ሚስማር አይበቃም፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይግባበት፣ ሁለት ቦታ። በመስታወቱ ፋንታ አክሪሊክ (መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ) ካደረግሽው ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ግን ቶሎ ይጫራል፤ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ፣ የመስታወት ማጽጃ አይነካው።

ስለ መጠን፦ ሶፋሽ 2.40 ሜትር ብለሻል፤ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ብትይዢ 1.60 ነው። የፎቶው መሃል ከወለሉ 1.45 እስከ 1.50 ሜትር ላይ ይሁን። እኛ አገር ሁሉም ነገር ጣሪያው ሥር ነው የሚሰቀለው፤ አብስትራክት ፎቶ እዚያ ላይ ሲወጣ ማንም አይጠጋውም። ከመግዛትሽ በፊት አሮጌ ካርቶን በልኩ ቆርጠሽ ግድግዳው ላይ በቴፕ ለጥፊና ጥቂት ቀን ተውው።

ጋለሪውንም አንድ ነገር ለምኚ፦ ከትልቁ ፎቶ ላይ አንድ ኤ4 የሚያህል ቁራጭ በእውነተኛ መጠኑ፣ በዚያው ወረቀት እንዲያትሙልሽ። ሙሉው ፎቶ አንሶ ሳይሆን ቁራጩ። ያንን ካርቶኑ ላይ ለጥፊውና ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታም አምፖል ሥር እዪው። የዳሎል ቢጫ ጋለሪ ውስጥ ደስ ብሎ ቤት ሲገባ የሚጮህበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዱ ፎቶ አንሺ ቀለሙን ከልኩ በላይ ያጋግለዋልና። የቤትሽ አምፖል ወደ ቢጫ የሚያደላ ከሆነ ደግሞ ነጩ ጨው ቅቤ ይመስላል፤ ያኔ ፎቶውን ከመተው በፊት አምፖሉን ቀይሪ። ቀለምን በትክክል የሚያሳይ፣ ሲአርአይ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ኤልኢዲ ፈልጊ።

የግድግዳሽን ፎቶ ከመስኮቱ ጋር አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፤ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደሚገባና ቡናውን የት እንደምታፈዪም ጻፊ። ሳሎንሽ ሰው ፎቶውን ከስንት ሜትር እንደሚያየው ካየሁ፣ ትልቁ ይሻላል ወይስ 40 በ60ው በፓስፓርቱ የሚለውን በግልጽ እነግርሻለሁ።