ባሌ ሥራውን ትቶ ስክሪፕት ይጽፋል፤ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባሌ የፋብሪካ ሥራውን ከተወ ዓመት አለፈው። ጫቱን ይዞ ስክሪፕት ሲጽፍ ያድራል። አዲስ አበባ ያለ ፕሮዲውሰር ወዶታል ይለኛል፤ ሳንቲም ግን አላየንም። ኪራዩም የልጃችን ትምህርት ቤትም በእኔ ሱቅ ነው። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ስለው «አታምኚብኝም» ብሎ ሳምንት ያኮርፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህታችን። አንቺ የጠየቅሽው ስለ ኪራይ ነው፤ እሱ ግን «አትችልም» የምትይው ይመስለዋል። ደመወዝ የቀረበት ሰው ገንዘብ ሲነሳ ያፍራል፤ እፍረቱንም በኩርፊያ ይሸፍናል። አንቺ ደግሞ ኩርፊያውን ፈርተሽ ዝም ትዪና ኪራይ ሲደርስ ትገነፍያለሽ።

ጥያቄውን ቀይሪው፦ «ምኑ ላይ ደረስክ?» በይው። የሙሉ ፊልም ስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ገጽ ነው፤ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይሆናል። ታሪኩ በአንድ ገጽ ከተጠቃለለና ትዕይንቶቹ በተራ ከተዘረዘሩ፣ በሳምንት 20 ገጽ የሚጽፍ ሰው የ100 ገጽ የመጀመሪያ ረቂቅ በ5 ሳምንት ያወጣል። ዓመት የፈጀው ወይ ዝርዝሩን ዘሎ ገብቶ መሐል ላይ ጨንቆት ነው፣ ወይ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች እየመላለሰ ሲያርም ነው። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው።

የገንዘቡን ወሬ እሑድ ከቡና በኋላ፣ ልጁ በሌለበት ለግማሽ ሰዓት አድርጉት። ወጪና ገቢውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። የ6 ወር ገደብ ስጡት፤ መለኪያው ግን «ሸጠ» ሳይሆን «ጨረሰ» ይሁን፤ መሸጡ በእጁ አይደለም። እስከዚያ ከሰዓት ሱቅ ይቁም። ድምፅ ከፍ ካለ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለያይታችሁ ተመለሱ።

ስለ ፕሮዲውሰሩ፣ «ወዶታል» ውል አይደለም። ውሉ ክፍያውን ይከፋፍል፦ ሲፈረም፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲገባ፣ የመጨረሻው ሲጸድቅ። የቴሌቪዥን ድራማ ከሆነ የክፍሎቹ ብዛትና የእያንዳንዱ ክፍያ ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ ነው፤ በስልክ የተወራ ሐሳብን አይጠብቅም። ስለዚህ ከፊርማ በፊት የአንድ ገጹን ማጠቃለያ ብቻ ይላክ። ለፊርማ ካልሆነ ደግሞ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ከሱቅሽ ገንዘብ አይውጣ!

ጫቱን ቀላል አድርገሽ አትዪው። እንቅልፍ ነስቶ በማግስቱ ብስጩ ያደርጋል፤ ኩርፊያው በከፊል ከዚያም ሊሆን ይችላል። በምርቃና የተጻፈውም ጠዋት ሲነበብ ብዙው ይሰረዛል። ጽሑፉን ወደ ማለዳ እንዲያዞር ለምኚው። ጫቱን ቀንሶም ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ ወይም ተስፋ የመቁረጥ ነገር ካየሽበት፣ ደሴ ወጥታችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል አሳዪው።