ሐረጎን በዝናብ ለሚወርድ ብስክሌተኛ

ጥያቄ፦ ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ እየሠራሁ በብስክሌት እመላለሳለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬን መጨበጥ ያቅተኛል። ማታ ዳገቱን ስመለስ ደግሞ የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ ደርቤም ካናቴራዬ ይበሰብሳል። ከዚህ የወፈረ ልግዛ?
(አንባቢ፣ ከሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አይግዙ። ካናቴራዎን ያበሰበሰው ዝናቡ ሳይሆን የራስዎ ላብ ነው። ፕላስቲክ ውሃ እንደማያስገባ ሁሉ እንፋሎትም አያስወጣም። ስለዚህ ማታ ካፊያ ብቻ ከሆነ የዝናብ ልብሱን ጠቅልለው ይያዙት፤ ዶፍ ከሆነም ዚፑን እስከ ደረትዎ ከፍተው ይውጡ። ሰውነት እስከሠራ ድረስ ቢረጥብም ይሞቃል፤ ብርዱ የሚገባው ሲቆሙ ነው። ደረቅ ቅያሪ በፌስታል ቋጥረው መያዝዎን አይርሱ።

መጀመሪያ መቀየር ያለበት ከሥር የሚለበሰው ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣና ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ንፋስ ሲመታው ሙቀትዎን ይዞ ይሄዳል። ፖሊስተር ማሊያ ወይም ስስ የሱፍ ሹራብ ይልበሱ። ሁለቱም ሳልባጅ ተራ በርካሽ ይገኛሉ። ከላይ ለሚደርቡት ጃኬት ግን አይቸኩሉ፦ ጨርቁን አፍዎ ላይ አድርገው እፍ ይበሉበት፤ ትንፋሽዎ በቀላሉ ካለፈ ንፋሱም ያልፋል። ገልብጠው ስፌቱን ይዩ፤ የስፌቱ መሸፈኛ ከተላጠ ውሃ ያስገባል። ከዚያ መሪ እንደያዙ ሆነው ያጎንብሱ፤ ወገብዎ ወይም የእጅ አንጓዎ ከተጋለጠ ይተዉት።

ወደ ጣቶችዎ እንምጣ። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ የሙቀት ልዩነቱ ግን ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ቢሆን ነው። ጣት የሚያደነዝዘው ፔዳል ሳይመቱ በፍጥነት ሲወርዱ የሚመታዎ ንፋስ ነው። ስስ የሱፍ ጓንት አጥልቀው ከላዩ አንድ ቁጥር የሚበልጥ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ይደርቡ። የሚያጣብቅ ከሆነ ደም አላዘዋውር ብሎ ብርዱን ያባብሰዋል። ሁለቱን የፍሬን እጀታዎች እስከ መጨረሻ ጨብጠው ሳይሞክሩ ከቤት አይውጡ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆመው ዚፑን እስከ አንገት ይዝጉ፤ ከጃኬቱ ሥር ደረትዎ ላይ አንድ እጥፍ ጋዜጣ ቢያኖሩ ንፋሱን በደንብ ይመልሳል።

ለእግር ካልሲ፣ በላዩ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ጂንስ ከረጠበ ስለሚከብድ ይቅር፤ የቀኝ እግር ሱሪዎን ካቴናው እንዳይጎትተው በላስቲክ ይሰሩት። ጋቢ ለደሴ ብርድ አቻ የለውም፤ ብስክሌት ላይ ግን ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ ይጥላልና አደራ፣ ቤት ይተዉት።

ጥያቄ፦ የዝናብ ጃኬቴን በየሳምንቱ በዱቄት ሳሙና አጥባለሁ። አሁን ውሃ እየጠጣ ነው፤ ለምን?
(አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጨርቁ ላይ የቀረው ሳሙና ውሃ ይስባል። ለብ ባለ ውሃ ብቻ 3 ጊዜ ያለቅልቁት። ከእንግዲህ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ማጠብ ካስፈለገ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በረኪና አያስነኩት፣ አይጭመቁት፤ ጥላ ላይ ያስጡት።