ጥያቄና መልስ፦ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚገዛ

ከሐይቅ አንድ ተማሪ ፌስቡክና ኢንስታግራም ባለቤታቸው አንድ ነው ወይ ይላል።

አዎ፣ ሜታ ነው። ዋትስአፕም የእሱው ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጡ እናት ደግሞ ፊት ለፊታቸው ትልቅ ማከፋፈያ ተከፍቶ ዘይቱን እሳቸው ከሚያመጡበት ዋጋ በታች እየሸጠ ደንበኛ እንዳሳጣቸው ጽፈዋል። ልክሰሰው ወይ ይላሉ።

እናቴ፣ በርካሽ መሸጥ ብቻውን አያስከስስም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚከለክለው ገበያውን በበላይነት የያዘ ነጋዴ ተወዳዳሪውን ለመጉዳት ብሎ ከማምረቻ ዋጋ በታች ሲሸጥ ነው። ሰውየው በብዛት ስለሚያነሳ ረክሶለትም ይሆናል። ለማንኛውም ደረሰኝዎን ይዘው የከተማውን ንግድ መምሪያ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ደብዳቤ ከደሴ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ዕቃ በሞተር የሚያደርስ የስልክ መተግበሪያ ሠርተዋል፤ ሱቆቹም ለምደዋቸዋል። አሁን ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ ድርጅት ሙሉ በሙሉ ልግዛችሁ፣ ሥራውንም እናንተው ትመሩታላችሁ ብሏቸዋል። ከሦስቱ አንዱ “የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ እንኳ ከመወዳደር መግዛት ይሻላል ብሏል፤ ስለዚህ እንሽጥ” ባይ ነው።

ልጆች፣ ነገሩን ገልብጣችሁ ነው ያነበባችሁት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን ሲጽፍ የሚያስበው እንደ ገዢ ነው፤ ለሻጭ የተሰጠ ምክር አይደለም። በ2012 ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ድርጅቱ የነበረው 13 ሠራተኛ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው የግዢው ዓላማ ተፎካካሪን ማምከን ነው ወይስ ምርቱን ከእኛ ጋር ማዋሃድ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሁለቱም ነው ብሎ መልሷል። ኢሜይሎቹ በ2020 ይፋ ወጥተው ሁሉም አንብቧቸዋል።

ልጅ ሆኜ ሰኞ ሰኞ ከአያቴ ጋር ባቲ ገበያ እወርድ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ከከተማው ወጣ ብለው የሚጠብቁ ነጋዴዎች ነበሩ። “እማማ፣ ፀሐይ ሳያቀልጥብሽ” እያሉ ቅቤዋን ከነቅሉ ተቀብለው ብሩን መዳፏ ላይ ይቆጥሩላታል። አንድ ቀን ጨው ልትገዛ ገበያው መሃል ስንደርስ ያው ቅል፣ እሷው የሰፋችው ማንገቻ ያለበት፣ ነጋዴው ፊት ተቀምጧል። ዋጋውን ሰማች። ምንም አልተናገረችም፤ እጄን ብቻ ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ይዞ የሚመጣን ሰው ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን የከለከሉት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እናንተም ገና መንገድ ላይ ናችሁ። ድርጅቱ የሚፈልገው ሥራችሁን ነው ወይስ ከገበያው እንድትጠፉለት? “እናንተው ትመሩታላችሁ” የሚለውንም ተጠንቀቁ። ከኢንስታግራም መሥራቾች አንዱ ኬቨን ሲስትረም እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጅቱን ለቀቀ፤ በ2025ም ፍርድ ቤት ቀርቦ ዙከርበርግ ኢንስታግራምን እንደ ስጋት እያየ የሰው ኃይል ይነፍገን ነበር ሲል መስክሯል። ሜታ ተፎካካሪዎቹን እየገዛ ገበያውን ብቻውን ይዟል ብሎ ክሱን ያቀረበው የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት ኅዳር ተረትቷል። ዳኛው ዛሬ ቲክቶክና ዩቲዩብ ስላሉ ሜታ ገበያውን ብቻውን ይዟል አይባልም አለ። እኔ ግን ከፍርዱ ይልቅ የሲስትረምን ምስክርነት እንድታነቡ እፈልጋለሁ።

አትሽጡ አላልኩም። ገንዘቡ ቤተሰብ የሚያሳርፍ ከሆነ ሽጡ። ግን በውሉ ውስጥ ለስንት ዓመት፣ በየትኞቹ ከተሞች ተመሳሳይ ሥራ እንዳትሠሩ እንደሚከለክላችሁ ፈልጉ። ክፍያው በአንዴ ነው ወይስ እየተቆራረጠ? የደንበኞቻችሁ ስም ዝርዝርስ የማን ይሆናል? ከፊሉን አክሲዮን ሸጣችሁ ከፊሉን ማስቀረትም ይቻላል።

ሳትፈርሙ በፊት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምላችሁ። ገዢው የሚያቀርብላችሁ ጠበቃ ሳይሆን እናንተ ከፍላችሁ የያዛችሁት ይሁን። ገንዘብ ካጠራችሁ ሞተሩን ሽጡና ክፈሉ። ሽያጩ ሕጉ ለመንግሥት አስቀድሞ እንዲታወቅ የሚያዝዘው የድርጅቶች ውህደት መሆን አለመሆኑንም እሱ ይይላችሁ፤ ጉዳዩን አሁን የሚያየው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው።

ከወልዲያ የመጣው የመጨረሻው ጥያቄ “ለዙከርበርግ እምቢ ያለ አለ ወይ?” የሚል ነው።

አለ። ስናፕቻት እ.ኤ.አ. በ2013 የቀረበለትን 3 ቢሊዮን ዶላር እንዳልተቀበለ በሰፊው ተዘግቧል። በ2016 ኢንስታግራም የስናፕቻትን “ስቶሪ” በዚያው ስም አወጣው። ስናፕቻት ግን በ2017 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ ዛሬም አለ።